ያልደረቀች ጠብታ

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለትንንሽ አውሮፕላኖች ነዳጅ ሲቀዳ የኖረ ሰው ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም እያለ የሥራ ባልደረቦቹ «ብርጭቆ» አሉት፤ ብርጭቆ ሆኖ ቀረ። ታናናሾቹ «ጋሼ ብርጭቆ» ይሉታል፤ እኩዮቹ «ብርጭቆ» ብቻ ብለው ይጠሩታል። የማረፊያው ሻይ ቤት ባለቤት ደግሞ ሲዘገይባት «ያ ብርጭቆ ዛሬ ተሰበረ እንዴ?» ትላለች። እሱ ግን አይቆጣም። ከደረት ኪሱ ያቺን ግድግዳዋ ወፍራም የሆነ ብርጭቆ ብቅ ያደርግና «ይኸው፣ ጫፏም አልተነካ» ይላታል።

ማረፊያው እንኳ ማረፊያ ተብሎ ለመጠራት የሚያፍር ዓይነት ነበር። አንድ መንደርደሪያ፣ አንድ ሃንጋር ማለትም የአውሮፕላን ማደሪያ፣ አንድ ቢሮ ከነሬዲዮ መገናኛው፣ አምስት ጠረጴዛ ያላት ሻይ ቤት፣ ጣሪያ ያላት የነዳጅ መቅጃ፤ በቃ። በትልልቅ አውሮፕላን የተጓዘ ሰው ቢያየው የአውቶቡስ መናኸሪያ ይመስለዋል። ሥራው ግን አይናቅም ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በረራ የሚማሩ ወጣቶች ይመጣሉ። የእርሻ መድኃኒት የምትረጨው ቢጫ አውሮፕላን በወቅቷ እየተመላለሰች ጆሮ ታደነቁራለች። ታማሚ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል የሚወሰደውም ከዚያው ነው። አንድ ጡረተኛ ደግሞ እሁድ እሁድ እየመጣ የራሱን አውሮፕላን ያጥባል፣ ይወለውላል፣ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞሮ ያያትና ወደ ቤቱ ይሄዳል። በርራ አታውቅም። ሃንጋሩ ውስጥ ጥሩውን ቦታ የያዘችው ግን እሷ ነች። «ሙሽራ ናት፣ አቧራ እንዳይነካት» ይላል የማረፊያው መካኒክ።

ብርጭቆ ብርጭቆ የተባለው እንዲህ ነው። የአውሮፕላን ነዳጅ የሚቀመጠው ክንፉ ውስጥ ነው። ዝናብ ከዘነበ፣ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ፣ ውሃ ይገባል። ውሃ ደግሞ ከነዳጅ ይከብዳልና ታች ይተኛል፤ ሞተሩ መጀመሪያ የሚጠባው ታች ያለውን ነው። መሬት ላይ ሞተር ቢጠፋ ወርደው ይገፉታል፤ ሰማይ ላይ ሲጠፋ ወርዶ የሚገፋ የለም። ስለዚህ ነዳጅ ቀጂው ከሞላ በኋላ ከክንፉ ሥር ያለችውን የጣት ጫፍ የምታክል መክፈቻ ይጫንና ጥቂት ወደ ብርጭቆ ይቀዳል። ከዚያ ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል። ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጥና መሐል ላይ ቀጭን መስመር ይታያል። ነዳጁ ደግሞ ከሌላው እንዲለይ ስስ ሰማያዊ ቀለም አለው። መስመር ከሌለ፣ ሰማያዊ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ይብረር።

ሌላው ነዳጅ ቀጂ ይህን የሚሠራው እግረ መንገዱን ነው። ብርጭቆ ግን እንደ ወርቅ አንጥረኛ ነበር። ብርጭቆዋን ያነሳል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ያዞራታል፣ እንደገና ያዞራታል። አብራሪው ሰዓቱን እያየ ቢቁነጠነጥ ግድ የለውም። በመጨረሻ «እንደ ሰማይ ጠርቷል» ይልና ኮንክሪቱ ላይ ይደፋዋል። ነዳጅ ስለሆነ ወዲያው ይተናል። ያቺን ቃል ሳይሰሙ የሚነሱ አብራሪዎች ጥቂት ነበሩ።

አሁን ወደ ዓይኑ ልምጣ።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ቀን ነዳጅ ያመጣውን የቦቴ ሾፌር አንቆ ሊይዘው ምንም አልቀረውም።

«ቀለሙን ቀንሳችሁታል» አለው።

«የምን ቀለም?»

«ሰማያዊውን ነዋ። ይሄ የሳህን እጣቢ ነው።»

ሾፌሩ ብርጭቆዋን ተቀብሎ አየ። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ሰማያዊ ከፈለጉ እስክሪብቶ ይግዙ» አለና ሳቀ። መካኒኩም አብሮ ሳቀ። ብርጭቆም የሳቀ መሰለ፤ ግን በመንገድ ላይ ቀና ብሎ ሲያይ ሰማዩም እጣቢ ሆኖበት ነበር። ቤቱ ደርሶ ሚስቱን በሩ ላይ አገኛት።

«ያንን ሰማያዊ ሹራብሽን ምን አደረግሽው?» አላት። ምክንያቱን እሱም አያውቅም፤ ሰማያዊ የሆነ ነገር ማየት ስለፈለገ ብቻ።

«ለብሼው ቆሜያለሁ እኮ፣ አንተ ሰው።»

ከዚያ እጁን ይዛ ወደ ቤት አስገባችው።

ዘመድ በማያያቸው ሌላ ከተማ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ ዓይኑ ላይ ብዙ መብራት አብለጨለጨበትና የዓይኑ ነርቭ እየደረቀ እንደሆነ ነገራቸው። መነጽርም ሆነ ቀዶ ጥገና የሄደውን አይመልስም፤ የቀረው ቶሎ እንዳይሄድ የሚጨመር ጠብታ መድኃኒት ግን አለ። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ሚስቱ «ትነግራቸዋለህ?» አለችው። «ከነገርኳቸው ያስወጡኛል» አለ። «ከሜዳው ከወጣሁ ምን እሆናለሁ? ቤት ተቀምጬ ያንቺን ድስት ላማስል?» ልጅ አልነበራቸውም። እሷ አዘነችለት። ማዘኗ ነው እንግዲህ ያጠፋቸው፤ ክፋት ቢሆንማ ኖሮ ይቀል ነበር።

ሚስቱ የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ የማረፊያው ሠራተኞች በየዓመቱ የሚመረመሩበት ክሊኒክ። የዓይን ምርመራው ክፍል ግድግዳ ላይ ያለውን ሰሌዳ ታውቀዋለች፤ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት። ሰሌዳው ላይ ሦስት እግር ያለው አንድ ምልክት ብቻ ነው ያለው፤ ግን አንዴ እግሩ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል፤ እየወረደም እያነሰ ይሄዳል። ነርሷ በእንጨት ትጠቁማለች፤ ተመርማሪው እግሩ ወዴት እንደዞረ ይናገራል። እሷ ሰሌዳውን በሦስት ቀን ውስጥ በጭንቅላቷ ተሸክማ አመጣችው። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ በከሰል ሳለችውና ታስጠናው ጀመር። ሽንኩርት እየላጠች ትጠይቀዋለች።

«ሦስተኛው መስመር።»

«ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ።»

«አምስተኛው።»

«ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ታች።»

«እና?»

«ጨረስኩ።»

«አንድ ቀረህ። ላይ። የመጨረሻዋ ላይ ናት። ሁልጊዜ የምትረሳት እሷን ነው።»

ያቺን የመጨረሻዋን መርሳቱ ቤታቸው ውስጥ ቀልድ ሆኖ ነበር። ጫማ ሲያደርግ ካልሲ ቢረሳ «አንድ ቀረህ፣ ላይ» ትለዋለች። ሦስት ዓመት በዚህ መንገድ ምርመራውን አለፈ። ስለ ቀለም የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ነዳጁንስ እንዴት ያያል? አያየውም ነበር። ብርጭቆዋን ወደ ብርሃን የሚያነሳው ለሰው ዓይን ነው። እውነተኛውን ምርመራ የሚያደርገው ሰው ዞር ሲል ነው፤ ጣቱን ይነክርና ያሻል። ነዳጅ ጣት ላይ ይቀዘቅዛል፣ ወዲያው ይደርቃል፤ ውሃ ግን አይለቅም። ከዚያ ያሸተዋል። ጣቱ ደህና ዓይን ሆኖለት ነበር። በዚህም ልቡ ኮራ፤ «ዓይን ያላቸው የማያዩትን እኔ በጣቴ አያለሁ» እያለ ራሱን ይሸነግል ነበር።

ሚስቱ ግን ሦስተኛውን ምርመራ ያለፈ ዕለት ቢላዋዋን አስቀምጣ «የመጨረሻው ነው» አለችው። «አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ክሊኒኩ መጥታ አየሁ። በአውሮፕላን ልትሄድ ነው አሉ። አንተ በቀዳኸው ነዳጅ ነው የምትሄደው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው ዓመት ራስህ ትሄድና አይታየኝም ትላታለህ፣ ነርሷን። ማልልኝ።»

ማለላት። ይህ በሆነ በአራተኛው ወር ሚስቱ ገበያ ደርሳ መጥታ፣ ዘንቢሏን ሳታወርድ በሩ ላይ ተቀመጠችና አልተነሳችም። ልቧ ነው አሉ።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ለብርጭቆ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይመጣል፣ ማታ ተባሮ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ያለው የከሰል ጽሕፈት ብቻ ነበር የሚጠብቀው። ምርመራው ሁለት ወር ሲቀረው ቃል መግባቱን ያስታውሳል፤ አንድ ወር ተኩል ሲቀረውም ያስታውሳል። «ዛሬ እነግራለሁ» ብሎ ይወጣና ሻይ ቤቷ ውስጥ ሳቁን ሲሰማ፣ «ብርጭቆ ና፣ ይቺን እያት» ሲሉት፣ ለነገ ያሳድረዋል።

አሁን አብራሪዋን ልጅ ላስተዋውቃችሁ። ታማሚ የምታመላልሰውን አውሮፕላን የምታበረው ወጣት ነች። በረራ የተማረችው እዚያው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ብርጭቆ መያዝ ያስተማራት ራሱ ነበር። «በዓይንሽ ሳታዪ ማንንም አትመኚ፤ እኔንም ቢሆን» ብሏት ነበር። እሷ ግን እያደር ከሁሉም በላይ ያመነችው እሱን ሆነ።

ምርመራው ገና ሳይደርስ አንድ ቀን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቷል። የልጅቷ አውሮፕላን ውጭ ነው ያደረችው፤ ሃንጋሩን የያዘችው ያቺ የማትበር ሙሽራ ናትና። የክዳኑ ጎማ መሰንጠቁን ማንም አላየም። አንዲት እናት የሰባት ዓመት ታማሚ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ መጥታ አውሮፕላኗ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣታለች። ብርጭቆ ኃይለኛ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኗል። ከሞላ በኋላ ወደ ክንፉ ሥር ዝቅ ሲል ልጅቷም ከጣሪያው ጠብታ ለመሸሽ አብራው ክንፉ ሥር ገባች። ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካው ምንም አልቀረውም።

ብርጭቆዋን ሞላት። ጣቱን መንከር ፈለገ። ግን እያየችው ነው። ዓይን ያለው ሰው ጣቱን አይነክርም፤ ለምን እንደሚነክር ብትጠይቀውስ? ስለዚህ ዓይን ያለው ሰው የሚያደርገውን አደረገ። ወደ ብርሃን አነሳት። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አዞራት። መስመር የለም። ድፍርስ ነገር የለም። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት፣ ጥርት ያለ ነበር።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

ልጅቷ ብርጭቆዋን ለመቀበል እጇን ዘርግታ ነበር። በዚያው ቅጽበት ታማሚዋ አለቀሰች፤ እናትየው «እባክሽ ልጄ፣ ቀበቶው ደረቷን አሳመማት» አለች። ልጅቷ እጇን መለሰች።

«እርስዎ ካዩት በቃኝ» አለች።

«እንደ ሰማይ ጠርቷል» አላት።

ብርጭቆዋን ግን አልደፋትም። ልቡ አንድ ነገር ብሎታል። ከነፈሳሹ ይዟት ወደ ነዳጅ መቅጃው ጣሪያ ሥር ሄደ፤ ብቻውን ሲሆን ጣቱን ሊነክር። ጓንቱን አውልቆ ሊነክር ሲል መካኒኩ ከወዲያ «ብርጭቆ፣ ቱቦህ ይንጠባጠባል» ብሎ ጮኸ። ብርጭቆዋን ጣሪያው ሥር ባለው ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ደፋና ቱቦውን ሊዘጋ ሄደ። የሞተሩ ድምፅ ተነሳ፤ አውሮፕላኗ ወደ መንደርደሪያው ጫፍ መንቀሳቀስ ጀመረች። ቱቦውን ጠመዘዘ፣ ጠቀለለ፣ ሰቀለ።

ሲመለስ ሲሚንቶው ላይ ያለችው ጥቁር እርጥበት እንዳለች ናት።

ቀለም አያይም እንጂ ጥቁርና ነጭ ይለያል። ቆሞ ጠበቃት። አልጠበበችም። ተንበረከከና በመዳፉ ዳበሳት፤ እጁ ረጠበ፣ ረጥቦም ቀረ። ጣቱን ምላሱ ላይ አደረገ። የዝናብ ውሃ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባው። መስመሩ ያልታየው ነዳጁ ንጹህ ስለሆነ አልነበረም። ብርጭቆዋ ውስጥ ነዳጅ የሚባል ነገር ስላልነበረ ነው። ከላይ እስከ ታች ውሃ ብቻ፤ ውሃ ብቻ ሲሆን ደግሞ ምን ከምን ይለያል? ዓይን ያለው ሰው በመስመሩ ባያውቀው በቀለሙ ያውቀው ነበር።

እስከ ቢሮው መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። አምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሮጠ። መሐል ላይ ወደቀ፤ ብርጭቆዋን ደረቱ ላይ አቅፎ ነው የወደቀው፣ ተነስቶም ሮጠ። የማረፊያው ኃላፊ ሬዲዮው አጠገብ ሻዩን ይዞ ነበር።

«አስቁማት» አለው።

«ማንን?»

«ልጅቷን። ውሃ ነው ክንፏ ውስጥ ያለው። ውሃ ነው።»

ኃላፊው ጥያቄ አላበዛም፤ ያንን ፊት አይቶ አያውቅም። ማነጋገሪያውን አነሳ። ልጅቷ ሞተሩ ደህና እንደሆነና ልትነሳ መሆኑን እየነገረችው ነበር።

«አትነሺ» አላት። «አሁኑኑ ሞተር አጥፊ።»

ብርጭቆ በሩን ተደግፎ አዳመጠ። ሞተሩ ትንሽ ጮኸ፣ ሳለ፣ ዝም አለ። እሷ ታጥፋው፣ ራሱ ይጥፋ፣ እስከ ዛሬ አያውቅም።

አውሮፕላኗን በመኪና ጎትተው አመጧት። ልጅቷ ማንንም ሳታነጋግር ብርጭቆዋን ከእጁ ተቀበለችና ክንፉ ሥር ገባች። ሞላች፣ አየች፣ ደፋች። ሞላች፣ አየች፣ ደፋች። እናትየው ልጇን ታቅፋ በረንዳው ላይ ቆማ ታያለች፤ የምታየው ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ያልገባት ለበጎ ነው። በሰባተኛው ላይ ልጅቷ እጇ ቆመ።

«መስመሩ ታየ» አለ መካኒኩ ቀስ ብሎ።

«ሰማያዊው መጣ?» አለ ብርጭቆ።

ልጅቷ ዞራ አየችው። ብርጭቆዋ ፊቱ ላይ ነበረች፤ ክንድ እንኳ አይርቀውም።

«ጋሼ፣ ንጹህ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ብዬሽ ነበር።»

«ወደ ብርሃን አንስተው አይተውት ነበር።»

«አንስቼዋለሁ። አላየሁትም።»

«እንዴት አታየውም?» አለ ኃላፊው። «ይሄን ሕፃን ያየዋል። አንደኛው ነጭ ነው፣ አንደኛው ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊ ካየሁ አራት ዓመት ሆኖኛል» አለ ብርጭቆ።

ኃላፊው ቢሮ አስገባውና በሩን ዘጋ። አብረው ያረጁ ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ወር ነው የተቀጠሩት። ወረቀት አወጣ፣ እስክሪብቶ ያዘ፣ አልጻፈም።

«ስማ። ብርጭቆዋ ቆሻሻ ነበረች እንላለን። ጭጋግ ነበር እንላለን። ደግሞስ ያስቆምካት አንተ አይደለህ? ዛሬ ሦስት ሰው አዳንክ።»

«ዛሬ ሦስት ሰው ልገድል ነበር» አለ ብርጭቆ። «ልጅቷ አጠገቤ ስለቆመች አፈርኩ። ጣቴን መንከር አፈርኩ። ይኸው ነው። እንደዚህ አድርገህ ጻፈው።»

ኃላፊው መጻፍ ጀመረ። «ዓመታዊ ምርመራውንስ እንዴት ነው ያለፍከው?»

«በቃሌ አጥንቼ።»

«ማን አስጠናህ?»

ብርጭቆ መሬት መሬት አየ። ኃላፊው ያቺን ሴት ያውቃታል፤ ክሊኒኩን ስትወለውል አይቷታል፣ ቀብሯም ላይ ትከሻውን አቅፎ ይዞት ነበር። በመጠየቁ ተጸጸተ።

«ግድግዳ» አለ ብርጭቆ። «ግድግዳ ነው ያስጠናኝ።»

ኃላፊው «በቃሉ አጥንቶ» ብሎ ጻፈና እዚያው ላይ ነጥቡን አደረገ።

ሲወጣ ልጅቷን ደጅ ቆማ አገኛት። ታማሚዋን ሌላ አውሮፕላን መጥቶ ሊወስዳት ነው። እጆቿን ኪሷ ከታለች።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አለችው። «በዓይንሽ ሳታዪ ብለውኝ ነበር፤ አላየሁም። ግን ጋሼ፣ ዛሬ ለእርስዎ ማዘን አልችልም። ያቺ ልጅ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ መስኮት አጠገብ ይሁንልኝ ብላኝ ነበር።»

«አትዘኚልኝ» አላት። «ብርጭቆዋን ያዣት፤ ያንቺ ናት።»

የደረት ኪሱ ጨርቅ ብርጭቆዋ ታርፍበት በነበረው በኩል ሳስቶ ነበር። ቤቱ እስኪደርስ ደጋግሞ በእጁ ዳበሰው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ከማረፊያው አጥር ውጭ፣ መንገዱ ዳር ያለች ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ግባ ቢሉት አይገባም። አውሮፕላኖቹን በድምፃቸው ያውቃቸዋል፤ ይቺ ቢጫዋ ናት፣ ይቺ የተማሪዎቹ ናት፣ ይቺ ጉሮሮዋ የከረከራት መካኒኩ ያላያት ናት። አንድ ነገር ግን ግራ ገባው። ቱቦው ሲጠቀለል ይሰማል፤ ከዚያ ቶሎ ሞተር መነሳት ሲገባው ዝምታ ይሆናል። አጭር ዝምታ ነው፤ ቀድሞ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን የእግር ኮቴ ሰማ፤ ልጅቷ ከአጥሩ ወዲያ በኩል ቆማለች።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ።»

«ደህና። ይሄ ዝምታ ምንድን ነው? ሠራተኛው ሰነፈ እንዴ?»

«እየጠበቅን ነው» አለችው። «አይተን ስናበቃ ሲሚንቶው ላይ እንደፋዋለን፤ እስኪደርቅ ሞተር አይነሳም። ማንም ይሁን ማን። ሲዘንብ ደግሞ ጣሪያው ሥር ወስደን ነው የምንደፋው። መካኒኩ ስም አውጥቶለታል፤ የብርጭቆ ደቂቃ ይለዋል።»

ብርጭቆ ጉንጩን አሸት አሸት አደረገ። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ በዚህ አብራው የምትስቀው ሚስቱ ግን የለችም።

«ታማሚዋ ልጅስ?»

«ደህና ሆና ተመልሳለች። እኔ ነኝ ያመጣኋት። መስኮት አጠገብ ነበር የተቀመጠችው።»

«የዛሬው ነዳጅ ቀለሙ እንዴት ነው?»

«ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ ልክ እንደ...» አለችና ቃሉን ዋጠችው።

«በይው» አላት። «ግድ የለም።»

አላለችውም። በአጥሩ ቀዳዳ ጣቶቿን አሾልካ ክንዱን ያዘችው፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄደች።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ለምርመራ የሚልከው መሥሪያ ቤት የለውም፤ የጠራውም የለም። ቢሆንም ፂሙን ተላጨ፣ ካልሲውን ሳይረሳ አደረገና ክሊኒኩ ሄደ። ኮሪደሩ የታወቀውን የወለል ሳሙና ይሸታል፤ ጉንፋኑ ለቆታልና ሸተተው። ነርሷ አይታው ተነሳች።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ዘንድሮ ዝርዝሩ ላይ የሉም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ቃል ስላለብኝ ነው።»

አስቀመጠችውና እንጨቷን አነሳች። ሰሌዳው እዚያው ቦታው ላይ ነው፤ ለእሱ ግን ነጭ ጉም ሆኖ ነበር።

«ከላይኛው፣ ከትልቁ እንጀምር።»

«እሱ ይታየኛል። ታች ነው።»

«ሁለተኛው መስመር?»

ቀኝ፣ ግራ። ከሽንኩርቱ ቢላዋ ድምፅ ጋር መጣችበት። «አይታየኝም» አለ።

«ሦስተኛው?»

ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ። «አይታየኝም።»

ነርሷ እንጨቷን ዝቅ አደረገች። «ዓምና እኮ እስከ ታች ድረስ አንብበዋል። እስኪ ይሞክሩት።»

«ቀጥዪ፣ ልጄ።»

ቀጠለች። እሱም ለእያንዳንዷ መልሱን በሆዱ እየሰማ፣ በአፉ እየካደ ወረደ። የመጨረሻው መስመር ላይ አራት ጊዜ ጠቆመች፤ አራት ጊዜ «አይታየኝም» አለ። ነርሷ እንጨቷን አስቀምጣ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ጨረስን፣ ጋሼ።»

«አንድ ቀረሽ» አላት።

ነርሷ ዞራ ሰሌዳውን አየች። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ነበረች፤ ዘላታለች። እንጨቷን አንስታ ጠቆመች።

«ይቺስ?»

ብርጭቆ ያቺን ቦታ ረጅም ጊዜ አየ።

«እሷም አትታየኝም» አለ።